በሎንዶኑ ጉባዔ ዋዜማ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢጣልያ ቅኝ አገሮች የነበረው አቋም (1945)

መስከረም 1 ቀን 1938 ዓመተ ምሕረት፣ አገራችን የዘመን መለወጫን በዓል በምታከብርበት ዕለት፣ የአምስት ታላላቅ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በሎንዶን ከተማ ላንካስተር ሐውስ በሚባለው ቤት ተሰበሰቡ። ከጉባዔው ጉዳዮች አንዱ ከኢጣልያ በጦር የተወሰዱት የአፍሪካ ቅኝ አገሮች፣ ማለት ሊቢያ፣ ኤርትራና የኢጣልያ ሶማሌ፣ ዕጣቸው ምን ይሁን የሚለው ነበር። ጉባዔው ያለ ውጤት መበተኑ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር ያሰብነው ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የተደረገውን ክርክር ብቻ አይደለም። ከጉባዔው በፊት በነበሩት ሳምንታት የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት እርስ በርሳቸው የተነጋገሩትን ጭምር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ አንድ ሚኒስትር በጉባዔ የተናገረውን ለመረዳት ከቢሮው ይዞት የወጣውን ወረቀት ማየት ያስፈልጋል።

ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሎንዶኑ ጉባዔ የገባው አንድ የተቈረጠ ፖለቲካ ይዞ አልነበረም። የጦር ሹማምንቱ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩና ጠቅላይ ሚኒስትሩ በየበኩላቸው የተለያየ ነገር ይፈልጉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያቀራረባቸው እነዚያ አገሮች በማን እጅ መግባት እንደሌለባቸው መስማማታቸው ነው። የአገሮቹ ነዋሪዎች ምን ይፈልጋሉ የሚለው ጥያቄ ግን ዋና ቦታ አልተሰጠውም። ይህ አቋም በስምንት ወር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ መልኩን የለወጠው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ከጦርነቱ በኋላ የአገሮቹ ይዞታ

ከኢጣልያ ቅኝ አገሮች መካከል በመጀመሪያ የተያዙት የምሥራቅ አፍሪካዎቹ ናቸው። የእንግሊዝ ጦር ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1941 ሞቃዲሾን፣ ከብርቱው የከረን ውጊያ በኋላ ደግሞ ኤፕሪል 1 ቀን አሥመራን፣ ከሳምንት በኋላም ምጽዋን ያዘ። በሰሜን አፍሪካ በኩል ሲሬናይካ በ1942 መጨረሻ፣ የትሪፖሊ ከተማ ጃንዋሪ 23 ቀን 1943 ተያዙ። በስተ ደቡብ የሚገኘውን የፌዛንን ምድረ በዳ ግን ከቻድ ተነሥቶ የመጣው የነጻ ፈረንሳይ ጦር ያዘው። እንግዲህ በ1945 ጦርነቱ ሲፈጸም፣ ከፌዛን በቀር፣ የኢጣልያ ቅኝ አገሮች ሁሉ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ነበሩ።

የጦር አስተዳደር በሕግ በኩል ጊዜያዊ ነገር ነው። በ1907 የተፈረመው የሄግ ስምምነት እንደሚያዝዘው፣ አንድ ጦር የያዘውን የጠላት አገር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ይጠብቃል እንጂ ሕጉንና ሥርዓቱን እንዳሻው አይለውጥም። ስለዚህ የእንግሊዝ ሹማምንት አገሮቹን በእጃቸው ቢይዙም የአገሮቹ ባለቤት አልነበሩም። መሬቱን ጨብጦ መብቱን አለመያዝ፣ በኋላ ለምናየው ክርክር ሁሉ መነሻ ሆነ።

በጦርነቱ ጊዜ የተሰጡ ሁለት ነገሮች ደግሞ የእንግሊዝን እጅ አስረው ነበር። አንደኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሚስተር ኤደን ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 በፓርላማ የተናገሩት ቃል ነው። የሲሬናይካ ሰኑሲዎች ከእንግሊዝ ጎን ስለ ተሰለፉ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በምንም ዐይነት ወደ ኢጣልያ ገዥነት እንደማይመለሱ ተስፋ ሰጡ። ይህ ቃል ሲሬናይካን ብቻ እንጂ ትሪፖሊታንያን፣ ኤርትራንም ሆነ ሶማሌን አይጨምርም ነበር። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ በጃንዋሪ 1942 እና በዲሴምበር 1944 የተደረጉት ውሎች ናቸው። በእነዚህ ውሎች መሠረት ኦጋዴንና የሐውድ ምድር የኢትዮጵያ ግዛት መሆናቸው ሳይካድ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር እንዲቈዩ ተደረገ። ስለዚህ በ1945 እንግሊዝ የራሷን ሶማሌ፣ የኢጣልያን ሶማሌና ኦጋዴንን ባንድነት ይዛ ነበር። ይህ ነገር ለአንዳንድ ሹማምንቷ ምን ሐሳብ እንዳሳደረባቸው ወደ ታች እናያለን።

፪. የጉባዔው አመጣጥ

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጉባዔ የተቋቋመው ከጁላይ 17 እስከ ኦገስት 2 ቀን 1945 በተደረገው የፖትስዳም ስብሰባ ነው። አባሎቹ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ፈረንሳይና ቻይና ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ከኢጣልያና ከሌሎቹ የጀርመን ተባባሪዎች ጋራ የሚደረጉትን የሰላም ውሎች ማዘጋጀት ነበር። የቅኝ አገሮቹም ነገር ከኢጣልያ ውል ጋራ አብሮ በሴፕቴምበር እንዲታይ ተወሰነ።

በዚያው በፖትስዳም ማርሻል ስታሊን የኢጣልያን ቅኝ አገሮች ጥያቄ ባነሡ ጊዜ፣ ሚስተር ቸርችል ሶቪየት ኅብረት በአፍሪካ ጠረፍ ሰፊ መሬት ትፈልግ ይሆናል ብለው አስበው እንደማያውቁ ተናገሩ። መገረማቸው ትልቅ ነገር ያስረዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ እነዚህ አገሮች ሲያስብ በፊቱ የነበሩት ተከራካሪዎች ኢጣልያ፣ ፈረንሳይ፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ሶቪየት ኅብረት ሌሎቹን ሁሉ የሚያስረሳ አሳሳቢ ነገር ሆነችበት።

ስብሰባው ሳያልቅም የእንግሊዝ መንግሥት ተለወጠ። ጁላይ 26 ቀን የምርጫው ውጤት በተገለጸ ጊዜ የሠራተኞች ፓርቲ አሸናፊ ሆነ፤ ሚስተር አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሚስተር ኤርነስት ቤቪን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ሚስተር ቤቪን የታላቁ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር መሪ፣ በጦርነቱም ጊዜ የሥራ ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። አዲሱ መንግሥት ለሎንዶኑ ጉባዔ ለመዘጋጀት የነበረው ጊዜ ከስድስት ሳምንት ብዙ የማይበልጥ ነበር። በዚህ ላይ ኦገስት 21 ቀን የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ በሊዝ-ሌንድ ሕግ ይሰጥ የነበረውን ርዳታ አቋረጠ። የገንዘብ አማካሪው ሎርድ ኬንስ፣ ከአሜሪካ አዲስ ርዳታ ካልተገኘ በገንዘብ በኩል ሁለተኛ ደንከርክ እንደሚደርስ ለመንግሥቱ አስጠነቀቁ። እንግዲህ ስለ ሲሬናይካና ስለ ሶማሌ የሚመክሩት ሚኒስትሮች ባዶ ሣጥን አጠገባቸው አስቀምጠው እንደሚመክሩ መዘንጋት አይገባም።

፫. ሦስት ቢሮዎች፣ ሦስት ሐሳቦች

የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ወረቀቶች በሕጉ መሠረት ከ30 ዓመት በኋላ ለተመራማሪዎች ተከፍተዋል። ከእነርሱ እንደሚታየው ሐሳቡ በሦስት ይከፈል ነበር።

የመጀመሪያው የጦር ኤታ ማዦር ሹማምንት ሐሳብ ነው። እነርሱም ፊልድ ማርሻል አለንብሩክ፣ አድሚራል ካኒንግሃምና የአየር ኃይሉ አዛዥ ፖርታል ነበሩ። አድሚራሉ ከኬንያ ተነሥተው ሞቃዲሾን የያዙት፣ ጦራቸውም እስከ አዲስ አበባ የደረሰው የጄኔራል አላን ካኒንግሃም ወንድም ናቸው። የሹማምንቱ አስተያየት የቈየውን የመርከብ መንገድ የተከተለ ነው። ከጂብራልታር በማልታና በስዊዝ አድርጎ በቀይ ባሕር ወደ ሕንድ የሚወስደው መንገድ የግዛቱ ደም ሥር ነው፤ ስለዚህ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠላት ሊሆን የሚችል ኃያል መንግሥት መስፈር የለበትም የሚል ነው። በግብፅ ያለው የእንግሊዝ ጦር የሚኖረው በ1936 በተፈረመው የሃያ ዓመት ውል ስለሆነና ግብፃውያንም ውሉ እንዲለወጥ ይፈልጉ ስለ ነበረ፣ ሲሬናይካ ለጦር ሰፈርና ለአየር ማረፊያ የተመቸች ምትክ መስላ ታየቻቸው።

ሁለተኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሐሳብ ነው። ሚስተር ቤቪን በብዙው ከጦር ሹማምንቱ ጋራ ተስማምተው፣ እንግሊዝ ሲሬናይካንና የኢጣልያን ሶማሌ በተባበሩት መንግሥታት ስም በሞግዚትነት እንድትይዝ ወደሚለው አዘነበሉ። በሶማሌ በኩል የእንግሊዝን ሶማሌ፣ የኢጣልያን ሶማሌና ኦጋዴንን ባንድ አስተዳደር ማዋሐድ የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜ በቢሮዎቹ ውስጥ ይዘዋወር ነበር። ስለ ኤርትራ ደግሞ አገሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል የሚሉ ነበሩ። ደጋውን ከምጽዋ ጋራ ለኢትዮጵያ፣ የምዕራቡን ቈላ ለሱዳን መስጠት ማለት ነው። በኤርትራ የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ዋና ሹም የነበሩት ብርጋዴር ሎንግሪግ በ1945 ባሳተሙት የኤርትራ አጭር ታሪክ የዚህ ሐሳብ ደጋፊ መሆናቸውን ገልጸዋል።

ሦስተኛው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐሳብ ነው። በእኛ ግምት ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው። ሚስተር አትሊ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1945፣ ጉባዔው ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ ስለ ኢጣልያ ቅኝ አገሮች ማስታወሻ ጽፈው ለሚኒስትሮቻቸው አደሉ። የእንግሊዝ ግዛት የተሠራው የባሕር ኃይል ብቻውን ይበቃ በነበረበት ዘመን ነው፤ የአየር ጦር ከመጣ ወዲህ፣ ይልቁንም አቶሚክ ቦምብ ከተፈለሰፈ በኋላ፣ በሜዲትራኒያን ጠረፍ ላይ ሰፈር መያዝ መንገዱን አያስጠብቅም ብለው ተከራከሩ። ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከተጣለ ገና አንድ ወር አለመሙላቱን ስናስታውስ፣ ነገሩን ምን ያህል በፍጥነት እንደ ተረዱት እናያለን። ደግሞም የተባበሩት መንግሥታትን ድርጅት ከልብ የምንደግፍ ከሆነ፣ የጦር ቦታዎችን ለራሳችን መሰብሰብ ከቃላችን ጋራ አይስማማም የሚል ነበር ክርክራቸው።

ከዚያ ወደ ገንዘቡ ነገር አለፉ። እነዚህ አገሮች ከሚያስገቡት ይልቅ የሚያስወጡት ይበዛል፤ ሲሬናይካ ልንችለው የማንችለውን ወጪ ትጭንብናለች አሉ። የእንግሊዝ ሶማሌ አፍሪካ በተቀራመተች ጊዜ የተያዘች፣ ከተያዘችም ወዲህ ኪሣራና ችግር እንጂ ሌላ ያላመጣች አገር ናት፤ አሁን በርሷ ላይ ኦጋዴንንና የኢጣልያን ሶማሌ መጨመር በደረቅ መሬት ላይ ደረቅ መሬት መጨመር ነው የሚል አሳብ ጻፉ። ወደ ኋላ የቀሩ የተባሉ ሕዝቦችን ለመምራት የሚችሉት ጥቂት ታላላቅ መንግሥታት ብቻ ናቸው ያለው ማን ነው፣ የስካንዲናቪያ መንግሥታት ወይም አሜሪካ ለምን አይሞክሩትም ሲሉም ጠየቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማየት ይገባናል። ሚስተር አትሊ አገሮቹን አንፈልጋቸውም ማለታቸው ለነዋሪዎቹ ነጻነት ከመቈርቈር ብቻ የመጣ አልነበረም። ሒሳቡን አስልተው ሸክሙ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ስላዩ ነው። የጦር ሹማምንቱ የሚመለከቱት ካርታውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመለከቱት መዝገቡን ነበር። ሦስቱም ቢሮዎች ግን ሞግዚት ያስፈልጋል በሚለው ነገር ላይ አልተለያዩም፤ ልዩነታቸው ሞግዚቱ ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበር።

፬. በላንካስተር ሐውስ

ጉባዔው ሲከፈት የአሜሪካው ሚኒስትር ሚስተር በርንስ ማንም ያልጠበቀውን ሐሳብ አቀረቡ። የኢጣልያ ቅኝ አገሮች ለማንም መንግሥት ሳይሰጡ ራሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሚሾመው አስተዳዳሪ በኅብረት ሞግዚትነት እንዲተዳደሩ፣ ሊቢያም ከአሥር ዓመት በኋላ ነጻ እንድትወጣ የሚል ነበር። ኤርትራ በዚሁ ዐይነት እንድትተዳደር፣ ኢትዮጵያ ግን በአሰብ በኩል የባሕር በር እንድታገኝ በዕቅዱ ውስጥ ተጨመረ።

ሚስተር ሞሎቶቭ በበኩላቸው ሶቪየት ኅብረት በትሪፖሊታንያ ላይ ሞግዚት እንድትሆን ጠየቁ። የኢጣልያ ጦር አገራቸውን መውረሩን፣ መንግሥታቸው ልዩ ልዩ ሕዝቦችን በማስተዳደር ልምድ ያለው መሆኑን፣ ለንግድ መርከቦቻቸውም በሜዲትራኒያን ወደብ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን ምክንያት አደረጉ። በተጨማሪም በሰኔ ወር በሳን ፍራንሲስኮ የአሜሪካው ሚኒስትር ስቴቲኒየስ ሶቪየት ኅብረት ሞግዚት ለመሆን ብቁ ናት የሚል ደብዳቤ ለአምባሳደር ግሮሚኮ መጻፋቸውን ጠቀሱ። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ሙሴ ቢዶ ደግሞ በሊቢያ የሚሰጥ ነጻነት በቱኒዚያና በአልጄሪያ ያለውን የፈረንሳይ ግዛት ያናውጣል ብለው ስለ ፈሩ፣ አገሮቹ በሞግዚትነት ስም ለኢጣልያ እንዲመለሱ ፈለጉ።

በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ አቋም ባንድ ሳምንት ውስጥ ተለወጠ። ሲሬናይካንና ሶማሌን ለመያዝ አዘንብለው የነበሩት ሚስተር ቤቪን የአሜሪካውን የኅብረት ሞግዚትነት ደገፉ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። እንግሊዝ ሲሬናይካን ለራሷ ብትጠይቅ፣ ሞሎቶቭ ትሪፖሊታንያን እንዳይጠይቁ የምትከለክልበት ክርክር አይኖራትም። ሁሉም ሲተው ግን ሶቪየት ኅብረትም ትተዋለች። ከዚህ ሌላ በዚያው ወር ሎርድ ኬንስ ከአሜሪካ ብድር ለመለመን በዋሽንግተን ይገኙ ነበር። ዲሴምበር 6 ቀን የተፈረመው የ3.75 ቢሊዮን ዶላር ብድር በሚለመንበት ሰዓት በአሜሪካ ዕቅድ ላይ መነሣት ቀላል አልነበረም። ሚስተር አትሊ በገንዘብ ምክንያት የፈለጉትን፣ ሚስተር ቤቪን በሩሲያ ምክንያት ተቀበሉት ማለት ይቻላል። ኖቬምበር 7 ቀን ሚስተር ቤቪን በፓርላማ ስለዚሁ ሲናገሩ አንድ ኃያል መንግሥት የእንግሊዝን ግዛት ጉሮሮ አቋርጦ ለመግባት ሲፈልግ ብንጠራጠር አይፈረድብንም የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግረዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል የነገሩ ባለቤቶች የት ነበሩ? የኢጣልያው ሚኒስትር ሲኞር ደ ጋስፔሪ ሴፕቴምበር 18 ቀን በጉባዔው ፊት ቀርበው ተናገሩ። መንግሥታቸው ከፋሽስት ዘመን በፊት የተያዙት ቅኝ አገሮች እንዳይወሰዱበት ይከራከር ነበር። ኢትዮጵያ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር አልነበራትም፤ ኤርትራንና የኢጣልያን ሶማሌ በሚመለከት ያላትን ጥያቄ በጽሑፍ ለጉባዔው አቀረበች። ንጉሠ ነገሥቱ በፌብሩዋሪ 1945 ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋራ በስዊዝ ቦይ አጠገብ በተገናኙ ጊዜ የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ አንሥተው ነበር። የኢትዮጵያ ክርክር ከሚነሣባቸው ነገሮች አንዱ ኤርትራና ሶማሌ በ1935 ለተደረገው ወረራ መነሻ ሰፈር ሆነው ማገልገላቸው ነው። የአሥመራ፣ የከረን፣ የሞቃዲሾ፣ የቤንጋዚና የትሪፖሊ ሰዎች ግን መልክተኛ ልከው እንዲናገሩ የጠየቃቸው አልነበረም።

ጉባዔው ኦክቶበር 2 ቀን ተበተነ። የተበተነው በቅኝ አገሮቹ ነገር አይደለም፤ ፈረንሳይና ቻይና የባልካን አገሮች ውል ሲዘጋጅ ይገኙ አይገኙ በሚለው ክርክር ነው።

፭. ከሎንዶን እስከ ፓሪስ፣ ከፓሪስ እስከ ተባበሩት መንግሥታት

በ1946 መጀመሪያ የአትሊና የጦር ሹማምንቱ ክርክር እንደ ገና ተነሣ። ሚስተር አትሊ ከሜዲትራኒያን ወጥቶ በአፍሪካ መካከል የሚያልፍ የመከላከያ መሥመር መያዝ ይሻላል አሉ። ሚስተር ቤቪንም ለጊዜው ወደ እርሳቸው ተጠግተው በመካከለኛው ምሥራቅ ያለው ሰፈር ወደ ሞምባሳ ቢዛወር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሞምባሳ ሐሳብ በመጨረሻ ባይፈጸምም፣ ምሥራቅ አፍሪካ ለእንግሊዝ ካርታ ዐዲስ ዋጋ እንዲያገኝ አደረገ። እንግዲህ የሶማሌ ነገር እንደ ገና ጎልቶ የወጣው በዚህ ጊዜ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለንም።

በኤፕሪል 1946 ሚኒስትሮቹ በፓሪስ ሲገናኙ፣ ሚስተር ቤቪን ከሎንዶኑ ፈጽሞ የተለየ ሐሳብ ይዘው መጡ። ሊቢያ ወዲያው ነጻ ትውጣ፤ የእንግሊዝ ሶማሌ፣ የኢጣልያ ሶማሌ፣ ኢትዮጵያም ብትስማማ ኦጋዴን፣ ባንድነት ሆነው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ይተዳደሩ አሉ። ጁን 4 ቀንም በፓርላማ ቀርበው፣ ሐሳቡ ከብቶቻቸውን ይዘው ከሣር ወደ ሣር ለሚዞሩት ዘላኖች በማሰብ የቀረበ መሆኑን አስረዱ። ድንበር የማያውቀው ዘላን በሦስት መንግሥታት መካከል መከፈሉ ችግር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከስምንት ወር በፊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያንኑ መሬት ኪሣራ ብለውት እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ለዘላኖቹ ማሰቡ ብቻውን አቋሙን ለውጦታል ለማለት እንቸገራለን። ሞሎቶቭ ዕቅዱን የእንግሊዝን ግዛት ማስፋፊያ ነው አሉት። የኢትዮጵያ መንግሥትም አልተቀበለውም። ሐሳቡ በዚያው ቀረ፤ ኦጋዴን በ1948፣ ሐውድና የቀረው ምድር በ1955 ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሱ።

ሞሎቶቭ ራሳቸው በግንቦት ወር የትሪፖሊታንያን ጥያቄ ትተው የኢጣልያን ሞግዚትነት ደገፉ። በኢጣልያ የጁን 2 ቀን ምርጫ እየቀረበ ነበርና፣ ለኢጣልያ ኮሙኒስቶች መልካም ስም ለማትረፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ነዋሪዎቹን ያላማከረው የእንግሊዝ መንግሥት ብቻ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ በቅኝ አገሮቿ ላይ ያላትን መብት ሁሉ ለቀቀች። አራቱ መንግሥታት ባንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እንዲቀርብ ተወሰነ። በዚህ ውል ተጨማሪ ጽሑፍ ውስጥ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የነዋሪዎቹን ፈቃድና ደኅንነት የሚመለከት ይሆናል የሚል ቃል ገባ። በ1945 በቢሮዎቹ ወረቀት ላይ ዋና ቦታ ያልተሰጠው ጥያቄ አሁን በውል ተጻፈ። አራቱ መንግሥታት የላኩት መርማሪ ኮሚሲዮን በ1947 መጨረሻና በ1948 አገሮቹን ዞረ። በኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ መዋሐድን የሚሹት፣ የሙስሊም ሊግና ነጻነትን የሚፈልጉት ፓርቲዎች ሁሉ ቃላቸውን ሰጡ። በሞቃዲሾ ግን ኮሚሲዮኑ በከተማው ሳለ ጃንዋሪ 11 ቀን 1948 በኢጣልያኖችና በሶማሌዎች መካከል ሁከት ተነሥቶ ከ50 በላይ ኢጣልያኖች፣ ከሶማሌዎችም ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰው ሳይጠየቅ የሚዘጋጅ ዕቅድ የሚያስከትለው አደጋ ከዚህ ይታያል።

የ1945 ሐሳቦች ግን አልሞቱም ነበር። በግንቦት 1949 ሚስተር ቤቪን ከኢጣልያው ሚኒስትር ከኮንት ስፎርዛ ጋራ ተስማምተው፣ ሲሬናይካ ለእንግሊዝ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታንያና የኢጣልያ ሶማሌ ለኢጣልያ በሞግዚትነት፣ ኤርትራም ከምዕራቡ ቈላ በቀር ለኢትዮጵያ፣ ምዕራቡ ለሱዳን እንዲሰጥ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ በሜይ 18 ቀን በጠቅላላ ጉባዔው ድምፅ ሲሰጥበት የትሪፖሊታንያው አንቀጽ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ አንድ ድምፅ ጐደለው። በአንቀጹ ላይ ከተነሡት መካከል የትንሿ አገር የሃይቲ መልክተኛ ይገኙ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠቅላላው ዕቅድ ወደቀ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው የታወቀ ነው። ሊቢያ ዲሴምበር 24 ቀን 1951 ነጻ መንግሥት ሆነች። የኢጣልያ ሶማሌ ለአሥር ዓመት በኢጣልያ ሞግዚትነት ቈይታ በ1960 ከእንግሊዝ ሶማሌ ጋራ ተዋሕዳ ነጻ ወጣች። ኤርትራ በዲሴምበር 1950 በተወሰነው መሠረት በ1952 ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ተያያዘች። ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈረሰ፤ እስከ 1991 የቈየ ጦርነት ሆነ፤ በ1993ም ኤርትራ ነጻ መንግሥት ሆነች። ይህን ሁሉ ያመጣው የሎንዶኑ ጉባዔ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ጥያቄው ከመጀመሪያው በሩቅ ከተማ፣ ለሌላ ጉዳይ በሚሰላ ሒሳብ መጀመሩ፣ በኋላ ለመጣው ችግር ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

፮. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ሦስት ነገሮችን ለመረዳት ችለናል። መጀመሪያ፣ «የእንግሊዝ ፖለቲካ» እየተባለ እንደ አንድ ሰው ሐሳብ የሚነገረው ነገር በውስጡ ሲታይ የብዙ ቢሮዎች ክርክር ነው። በሴፕቴምበር 1945 ኦጋዴንን በእንግሊዝ እጅ ለማቈየት የሚፈልግና ኦጋዴንን እንደ ሸክም የሚቈጥር ባንድ መንግሥት ውስጥ አብረው ነበሩ። እንግሊዝ በአገራችን ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የተሸሸገ ዕቅድ ነበራት ብለው የሚጽፉ፣ ወይም ምንም ዕቅድ አልነበራትም የሚሉ፣ ሁለቱም ይህን ክርክር ያላዩ ይመስለናል።

ሁለተኛ፣ «እገሌ አይግባ» በሚል ላይ የቆመ አቋም፣ እገሌ በተለወጠ ቍጥር አብሮ ይለወጣል። ሞሎቶቭ ትሪፖሊታንያን ሲጠይቁ እንግሊዝ ወደ ኅብረት ሞግዚትነት ሄደች፤ የአሜሪካ ዕቅድ ሳይፈጸም ሲቀር ወደ ሊቢያ ነጻነት፣ የኢጣልያ ወዳጅነት ባስፈለገ ጊዜ ደግሞ ወደ ክፍፍል ተመለሰች። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ውስጥ የትሪፖሊ ወይም የከረን ነዋሪ ፈቃድ አልተለወጠም፤ ቀድሞም አልተጠየቀምና።

ሦስተኛ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር የሌለው አገር ከጉባዔው በፊት ያለውን ጊዜ ማወቅ ይጠቅመዋል። ጉባዔው ከተከፈተ በኋላ ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ እንጂ የሌላውን ደብዳቤ ለማንበብ ጊዜ የላቸውም። ወረቀቱ በሚጻፍበት ሳምንት ግን በየቢሮው የሚለያይ ሐሳብ ስላለ፣ ክርክር ሊሰማ የሚችልበት ቀዳዳ ይገኛል። ሚስተር አትሊ ኦጋዴንን እንደማይፈልጉ ሲጽፉ ማንም ኢትዮጵያዊ እንዳላነበበው እርግጥ ነው፤ ቢነበብ ኖሮ ግን የሚጠቅም ነበር።

ስለዚህ የጓደኞቻችን ጥናት በተፈረሙት ውሎች ላይ ብቻ እንዳይቆም እናሳስባለን። ውሉ የክርክሩ መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያው በማስታወሻዎቹ ውስጥ ነው። የሎንዶን፣ የፓሪስ፣ የሮማና የዋሽንግተን መዛግብት ተከፍተዋል፤ ብዙዎቹም ታትመዋል። ከእነርሱ ጋራ የኤርትራ፣ የሶማሌና የሊቢያ ሰዎች በ1947 እና በ1948 ለኮሚሲዮኑ የሰጡትን ቃል አስተያይቶ የሚጽፍ ተማሪ ቢነሣ፣ እኛ በዚህ ጥናት ከቢሮዎቹ በኩል ብቻ ያየነውን ታሪክ ከነዋሪዎቹ በኩል ሊያሳየን ይችላል።